እናቱን ያስታመመ ልጅ

እናቷ በሞተች ማግስት ጸሐፊዋ በጠዋት ተነሥታ አንድ ገጽ ተኩል ጻፈች። አላለቀሰችም። እንባ ከትናንት ጀምሮ እንቢ ብሏታል፤ ደረቷ ውስጥ ያለው ነገር ሐዘን ይሁን እንቅልፍ ማጣት እሷም አልለየችውም። ጣቶቿ ግን ሥራቸውን ያውቃሉ። ሃያ ዓመት ሙሉ አለቃ የሚፈርምበትን ደብዳቤ ስትጽፍ የኖረች ሴት ናት። አምስት አለቃ ሸኝታለች፤ አምስቱም ሲሸኙ በአንደበተ ርቱዕነታቸው ተመስግነዋል፤ ምስጋናውንም የጻፈችው ራሷ ናት።

ይኼኛው ጽሑፍ ግን የራሷ ነበር። ስድስት ዓመት አልጋ ላይ የዋለችውን እናቷን ያስታመመችው እሷ ናት። ወንድሟ በሌላ ከተማ የመኪና ዕቃ ይሸጣል፤ በዓመት ሁለቴ ብቅ ይልና ኮቱን ሳያወልቅ ይመለሳል። «አጠብኳት» ብላ ጻፈች። «ስሜን ስትረሳው እንደ አዲስ ተዋወቅኋት። ተቆጥቼባትም አውቃለሁ፤ በሩን ዘግቼ ኮሪደር ላይ የቆምኩበት ቀን አለ።» ይህችን የመጨረሻዋን ለመጻፍ ብዙ ደቂቃ ፈጀባት። ለማንም ነግራው የማታውቀው ነገር ነው።

በጸሎት ቤታቸው ደንብ፣ ከቀብር በፊት አንድ የቅርብ ዘመድ መድረክ ላይ ወጥቶ ስለ ሟች ያነባል። ወንድ መሆን አለበት። ሴቶች መድረኩን ይወለውላሉ፣ አበባውን ያስተካክላሉ፤ ቆመውበት ግን አይናገሩም። ስለዚህ ወንድሟ ሊያነብላት ተስማሙ፤ እሷም አናቱ ላይ አንዲት መስመር አከለች፦ «ይህ የእህቴ ቃል ነው፤ በእሷ ፈንታ አነባለሁ።» መስመሯ ታስፈልግ ነበር። ስድስት ዓመት ከሥራ ሰዓት ውጪ ከእናቷ አልጋ አጠገብ ስላልራቀች ጸሎት ቤት አትታይም፤ ምእመኑ እምነቷን የተወች መስሎት ስሟን ማንሣት ካቆመ፣ ቤታቸውንም መጠየቅ ከተወ ቆይቷል፤ እናቲቱን ማን እንደሚያስታምም አያውቅም።

ሥነ ሥርዓቱ ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ሲቀረው የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ወረቀቱን ተቀብለው አነበቡት። ክፉ ሰው አይደሉም። ሁለተኛው ገጽ ላይ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ እስክሪብቶ አወጡና የመጀመሪያዋን መስመር ሰረዟት።

«ልጄ፣ ግሩም አድርገሽ ጽፈሽዋል» አሉ። «የሴት ቃል ግን ከመድረኩ አይሰማም። እኔ ያወጣሁት አይደለም፤ አባቶች ያቆዩት ነው።»

«የሚያነበው እኮ እሱ ነው፣ አባባ።»

«እሱማ ያንብብ። ያንቺ ነው ብሎ ማወጁ ነው ችግሩ።»

«እንግዲያው ‹እኔ› የሚለውን ‹እህቴ› ላድርገው?»

«ያው ነው እኮ። ካልሆነ እኔ የተለመደውን ቅጽ አነባለሁ፤ ተወለደች፣ አገባች፣ ወለደች፣ ዐረፈች።»

ወንድሟ ክንዷን ያዝ አደረጋት። «እታለም፣ ምን ያደርጋል? ዋናው እማዬ መመስገኗ ነው። ማን እንዳስታመማት እሷ ታውቃለች።»

እናቷ በአራት ቃል ስትሸኝ ታያት። «ይሁን» አለች። አምስት አለቃ ያሳለፈ አፍ ነው፤ «ይሁን» ለማለት አይቸገርም።

በሴቶቹ በኩል ተቀምጣ ሰማችው። ወንድሟ ድምፁ ያምራል። «አጠብኳት» ሲል አንዲት ሴት ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አነሣች። «በሩን ዘግቼ» የሚለው ጋ ሲደርስ ራሱም አለቀሰ፤ የምሩን ነው ያለቀሰው፣ ይኼ አይካድበትም። ቤቱ ሁሉ አብሮት ተንሰቀሰቀ። እሷ ከፊቷ ያለው ወንበር ጀርባ ላይ የተላጠውን ቀለም ታይ ነበር። ያን ቀን ኮሪደሩ ላይ የተሰማትን ለማስታወስ ሞከረች፤ አልመጣላትም። አሁን የእሱ ሆኗል።

ከቀብር መልስ በእናቷ ቤት ሳሎን ውስጥ ሰው ወንድሟን ከበበው። «ወንድ ልጅ እንዲህ ሲያስታምም ሰምተን አናውቅም!» አሉት። ሽማግሌው እንኳ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት፤ ማን እንደጻፈው እያወቁ። እሷ ሻይ ታድል ነበር።

አንዲት አሮጊት ወደ ወንድሟ ጠጋ አሉ። «የኔ ልጅ፣ ባለቤቴ አልጋ ከያዘ መንፈቁ ነው። ጀርባው እየተላጠ አስቸገረኝ። አንተ እናትህን እንዴት አድርገህ ነበር?»

 የወንድሟ ዓይን ሳሎኑን ዞሮ እህቱ ላይ ዐረፈ።

«በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ ነው» አለች ጸሐፊዋ ትሪውን እንደያዘች። «በጉልበቶቹ መሐል ትራስ ያድርጉለት። አንሶላው አይጨማደድ። ቆዳው ከቀላ በዚያ ጎን አያስተኙት።»

አሮጊቷ በመገረም አዩዋት። «ውይ፣ አንቺም ታግዢው ነበር እንዴ?»

 ሽማግሌው ብርጭቋቸውን ያያሉ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ቃሉ ከወጣ ግን ዛሬ ስለ እናቷ የተባለው ሁሉ ውሸት ተብሎ ሊቀር ነው፤ ሰው ከነገ ጀምሮ የሚያወራው ስለ ወንድሟ ይሆናል እንጂ ስለ እማዬ አይሆንም። ንዴቷን ፈለገችው፤ የለም። ያስፈራትም ይኸው ነው።

«አልፎ አልፎ» አለች።

ወንድሟ በረጅሙ ተነፈሰ። አሮጊቷም ወደ እሱ ዞረው «ተባረክ» አሉት።