ከድልድዩ ወዲህ፣ ከድልድዩ ወዲያ

«ጄቶ ከግሪክ ተመልሷል አሉ።»

እትዬ ተረዛ ይህን ወሬ መጀመሪያ ይዘው የመጡት የጄቶ ወንድም ባርዶክ በተቀበረ በአርባኛው ቀን ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰባት ዓመት ሙሉ ወሬው አንድ ቀን እንኳ አርጅቶባቸው አያውቅም። በየሐሙሱ የወተት ጣሳቸውን አንጠልጥለው ይመጣሉ፣ ሳይጋበዙ ወንበር ይስባሉ፣ ከዚያ ቤቱ በጠላት ጆሮ የተሞላ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጀምራሉ።

«ጄቶ መጥቷል አሉ። የወንድሙን ደም ሳይመልስ ፂሙን አልላጭም ብሎ ምሏል አሉ። መሣሪያም ገዝቷል። ከድልድዩ ማዶ ሆኖ የእናንተን በር ነው አሉ የሚያየው።»

«ያየው ሰው አለ እትዬ?» ትላለች ድራነ።

«እንዴት ብሎ ይታያል? አድፍጦ እኮ ነው! ያደፈጠ ሰው ከታየ ምኑን አደፈጠው?»

ምላሷን መላው መንደር የሚፈራት፣ በጫማ ፋብሪካው አለቃዋን በሰው ፊት ያሳፈረች ልጅ፣ ለዚህች አንዲት ጥያቄ መልስ አጥታ ሰባት ዓመት ኖረች። የጄቶ አለመታየት ራሱ የመኖሩ ማስረጃ ሆነ። አባቷ ፕሬንግ ደግሞ ከምድጃው አጠገብ ሆኖ ይሰማል፤ ሰምቶም የበሩን መወርወሪያ ሊያይ ይነሳል። መወርወሪያው ሁልጊዜ እንደተዘጋ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በሠርግ ነው። የድራነ ወንድም ጆክ የአጎታቸውን ልጅ ሙሽራ ጭኖ፣ ከኋላው ዘጠኝ መኪና አስከትሎ ሲመጣ፣ ጠባቡ ድልድይ መሃል ላይ ከባርዶክ አሮጌ መኪና ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ ተገናኘ። ሙሽራ የጫነ መኪና ወደኋላ አይመለስም። ይህን በዚያ ተራራ ሥር ጡት ያልጣለ ሕፃንም ያውቀዋል፤ ሙሽራዋ ወደኋላ ከተጓዘች ትዳሩም የሚወለዱት ልጆችም ወደኋላ ይሄዳሉ ይባላል። ባርዶክም ያውቃል። ግን አልተመለሰም። አሥሩ መኪና ክላክሱን አቀለጠው፤ እሱ መስኮቱን ዘግቶ ፊት ለፊቱን እያየ ተቀመጠ። ጆክ ወረደ። ባርዶክም ወረደ። አንድ ቃል፣ ሁለት ቃል፣ አንድ ጥፊ፤ ከዚያ ሁለቱም ወገባቸው ላይ የነበረውን አወጡ። የባርዶክ ጥይት የጆክን ሁለት ጣቶች ወሰደ። የጆክ ጥይት ባርዶክን ደረቱ ላይ አገኘው።

«ንቀት ነው» አለ አገሩ ሁሉ። «ሙሽራ አይቶ የማያሳልፍ ሰው፣ ንቀት እንጂ ሌላ ምን ይባላል?» ከባርዶክ ወገን የሆነው ደግሞ «አሥር መኪና ሙሉ ሰው አንድ ሰው ላይ!» አለ። ሁለቱም እውነት ይመስል ነበር።

ፍርድ ቤት ጆክን አሥራ ስምንት ዓመት ፈረደበት። ግን በዚያ አገር እስር ቤት ደም አይመልስም። ደሙ በቤቱ በቀሩት ወንዶች ላይ ይተርፋል፤ በነድራነ ቤት የቀረ ወንድ ደግሞ አባቷ ብቻ ነው። የዚያኑ ሳምንት መስኮቶቹ መዳፍ የሚያህል ቀዳዳ ብቻ ተትቶላቸው በብሎኬት ተገነቡ። ሴት ደም አይፈለግባትም፤ ስለዚህ ድራነ ገበያ ትሄዳለች፣ ሥራ ትሄዳለች፣ እንጨት ትፈልጣለች፣ ጣራ ትጠግናለች። ሃያ ዘመን አውቶቡስ የነዳው ፕሬንግ ደግሞ ከምድጃ እስከ በር፣ ከበር እስከ ምድጃ ይሄዳል። ወለሉ ላይ የእግሩ መስመር ወጥቶ ይታያል። ቆዳው ከሸክላ ሥር እንደበቀለ ሣር ነጥቷል። ጠዋት የሚያልፈውን አውቶቡስ ከድምፁ ብቻ «ፍሬኑ ሊያልቅ ነው፣ ይህን ሰው ማን ይንገረው?» ይላል።

ዘንድሮ ግን የዓይኑ ጣጣ መጣ። ግራው በሞራ ከተሸፈነ ቆየ፤ አሁን ቀኙም ጀመረው። ድራነ ከተማ ያለውን ሐኪም ጠየቀች። ሐኪሙ ቤት ለቤት አይሠራም፤ ክረምቱ ሳይገባ ይምጣ፣ ካለፈ ግን እኔም አልችልም አላት።

«አባዬ፣ እንሂድ።»

«ወዴት?»

«ሐኪም ቤት ነዋ። ወዴት ልበልህ፣ ባሕር ዳርቻ?»

«በሳ ሳይሰጠኝ ከዚህ በር አልወጣም።» በሳ ማለት ባለደሙ ወገን የሚሰጠው የእርቅ ቀን ቃል ነው። ቃሉ ከተሰጠ ለዚያን ያህል ቀን ማንም አይነካህም።

«ዓይንህ እኮ እየጠፋ ነው!»

«በጨለማ መኖር ለምጃለሁ» አለና ሳቀ። ድራነ ያንን ሳቅ ጠላችው። የገዛ አባቷ እንደ ግድግዳው ብሎኬት ሆኖ ታያት።

አስታራቂ ሽማግሌዎች አምስት ጊዜ መጥተዋል። አምስቱንም ጊዜ ምሳ በልተዋል፣ ራኪ ጠጥተዋል፣ ፂማቸውን ዳብሰው «ጊዜ ይጠይቃል» ብለዋል። በስድስተኛው ድራነ አልጠራቻቸውም። ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠች ልጅ ናት፤ ግን የደሙን ሕግ መጽሐፍ ከቄሱ ተውሳ ከዳር እስከ ዳር በቃሏ ይዛዋለች። ሴት ለበሳ አትላክም የሚል መስመር ፈለገች። አላገኘችም። ቢኖርም ትሄድ ነበር።

ሰባት ዓመት በእግሯ ያልረገጠችውን ድልድይ በቀትር ተሻገረች። የምትለውን ሁሉ አጥንታለች፤ አንገቷን ቀጥ አድርጋ ነው የሄደችው። የሟቹ እናት የምሪካ ቤት ስትደርስ ግን እግሯ ቆመ። መስኮቶቹ በብሎኬት ተገንብተዋል። መዳፍ የሚያህል ቀዳዳ ብቻ ቀርቷቸዋል።

በሩን አንኳኳች።

«ማነው?»

«የፕሬንግ ልጅ ነኝ።»

ከውስጥ ዕቃ ወደቀ።

«ብቻሽን ነሽ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

መወርወሪያ ተሳበ፣ ሌላ መወርወሪያ ተሳበ። ጥቁር የለበሱ ትንሽ አሮጊት በሩን በትከሻቸው ስፋት ከፍተው አዩዋት። እንግዳ ደጃፍ ላይ ከቆመ ጠላትም ቢሆን ይገባል፤ ምሪካም ይህን ሕግ እንደ መርፌ የዋጡት ይመስል ፊታቸውን ቋጥረው «ግቢ» አሉ። ዳቦ፣ ጨውና አይብ አቀረቡ። ድራነ ከዳቦው ቆርሳ አፏ ውስጥ አደረገች።

ከጓዳ ሰው ሳለ። የወንድ ሳል ነበር።

ይኸው፣ አለች በልቧ። እትዬ ተረዛ እውነታቸውን ነው።

ጄቶ ወጣ። ወፍራም፣ ዘርፈፍ ያለ፣ ፊቱን በደንብ የተላጨ ሰው ነው። በእጁ የያዘው ማንኪያ ነበር። ድራነን ግን ያስደነገጣት የቆዳው ቀለም ነው፤ ያንን ንጣት ታውቀዋለች፣ ሰባት ዓመት ምሳ አቅርባለታለች። የነጠላ ጫማው ተረከዝ በመመላለስ አልቋል።

«አባትሽ ውጭ ነው?» አላት በሹክሹክታ፣ ዓይኑ በሩ ላይ።

«የት ውጭ?»

«እ... አጥሩ ጋ። መሣሪያ ይዞ።»

«አባቴ?» ድራነ ያጠናችው ንግግር ሁሉ በነነ። «አባቴ እኮ ሰባት ዓመት ጉድጓድ ውሃው ድረስ እንኳ አልሄደም! አንተን ፈርቶ!»

«እኔን?» ጄቶ ማንኪያውን አየው። «እኔ ደግሞ እሱን ፈርቼ ከዚህ ቤት አልወጣሁም። ለቀብር ከግሪክ መጣሁ፣ እንደመጣሁ ቀረሁ። የዳቦ መጋገሪያ ነበረኝ እዚያ።»

«ለምን? ደም ያለው ያንተ ወገን ነው!»

«የወንድምሽ ጣትስ? ቁስል ግማሽ ደም ነው። ባርዶክ ሞተ፤ ግማሹ እኔ ላይ ቀረ። አባትሽ ግማሹን ሊወስድ...»

«ይህን ሕግ ማን አስተማረህ? ሙሉ ደም ያለበት ግማሽ አይጠይቅም! መጽሐፉ ላይ ተጽፏል!»

«እትዬ ተረዛ ናቸው የነገሩኝ። በየማክሰኞው ወተት ያመጣሉ።»

«ለእኛ በየሐሙሱ።»

መጀመሪያ የሳቁት ምሪካ ናቸው። ሳቃቸው ከዚያ ትንሽ ደረት የሚወጣ አይመስልም ነበር፤ ጠረጴዛውን እየደበደቡ፣ «ማክሰኞ ለእኛ! ሐሙስ ለእነሱ!» እያሉ ሳቁ፤ ሳቁም ሳይቆም ወደ ልቅሶ ዞረ። ጄቶ ትከሻቸውን ሊይዝ ሲል እጁን ገፉት።

«ስሚ አንቺ ልጅ» አሉ በመጨረሻ። «ሁላችሁም እስረኛ ነበራችሁ፣ ጥሩ። ታድያ ምን? የእኔ ልጅ ከአፈር አይነሳም።»

«አይነሳም።»

«ምን ፈልገሽ ነው የመጣሽው? ይቅርታ?»

ድራነ ይቅርታ የሚለውን ቃል ስታጠና ነው የሰነበተችው። አሁን አፏ አልታዘዛትም። ኩራቷ አይደለም ያገዳት፤ በዚህች ሴት ፊት ቃሉ ትንሽ መሰላት። «ሁለት ቀን» አለች። «የሁለት ቀን በሳ። አባቴ ዓይኑ እየጠፋ ነው፤ ሐኪም ጋ ልውሰደው። ከዚያ መልሼ እዘጋበታለሁ።»

ምሪካ ዓይናቸውን ጠረጉ። «የትኛው ዓይኑ ነው?»

«ግራው ጠፍቷል። ቀኙ ጀምሮታል።»

«የእኔም ባል እንደዚሁ ነበር። መጨረሻ ላይ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ አጠገቤ ይቆምና 'ምሪካ፣ የቀሚስሽ ቀለም ምንድነው?' ይለኛል። ጥቁር ሆኖም ቀይ ነው እለው ነበር።» ከዳቦው ላይ ፍርፋሪውን በጣታቸው ሰበሰቡ። ረጅም ጊዜ ሰበሰቡ። «በሳ ብሰጥሽ አባትሽ ያምናል?»

«እንጃ። ራሱን የቆለፈ ሰው ነው።»

«እንግዲያ እኔ መጥቼ አወጣዋለሁ። ሴት ክንዱን የያዘችውን ሰው ማንም አይተኩስበትም። የሟች እናት ከያዘችውማ!» ወደ ጄቶ ዞሩ። «አንተም ጫማህን አድርግ። ጫማ ነው ያልኩህ፣ ይህን ነጠላ አይደለም።»

ጄቶን አጥሩ ጋ አቁመው ገቡ። ፕሬንግ በሩ ተከፍቶ ምሪካን ደጃፉ ላይ ሲያያቸው፣ ወይም ጥቁር ቅርጻቸውን ሲያይ፣ ባርኔጣውን አወለቀ። ተንበርክኮ ሊናገር ሞከረ።

«ተነስ» አሉት። «ልጄ ሲገደል ማንም አልተንበረከከልኝም፣ አሁን ምን ያደርግልኛል? ክንድህን ስጠኝ።»

«ምሪካ... ምን ብዬ...»

«አትበል። ከማዶ የሚነሳው የከሰዓት አውቶቡስ ያመልጠናል።»

ደጃፉ ላይ ሲደርስ እግሩ እምቢ አለው። ከቤቱ እስከ አጥሩ ያለችው ሜዳ ለእሱ ባሕር ሆነችበት፤ ድራነ ከኋላው ቆማ እጇን ጀርባው ላይ አደረገች እንጂ አልገፋችውም። ምሪካ ጠበቁት። በመጨረሻ «ሣሩን ማን አጨደው?» አለ። «እኔ ነኝ አባዬ» አለች ድራነ። «አጨዳ አታውቂም» አለና ረገጠው።

እትዬ ተረዛ ቤታቸው ድልድዩ አፋፍ ላይ ነው፤ አራቱን አንድ ላይ ሲያዩ ጣሳው ከእጃቸው አመለጠ። ወተቱ በመንገዱ ላይ ፈሰሰ። ድራነ ሰባት ዓመት የሚያህል ስድብ ምላሷ ላይ አዘጋጅታ ነበር።

«ተረዛ» አሉ ምሪካ፣ «ዛሬስ የምታወሪው አገኘሽ።»

«እንድትጠነቀቁ ብዬ ነው!» ተረዛ ፊታቸውን በመሐረባቸው ሸፈኑ። «የእኔን ባል ማን ነገረው? ሰው እንደሚጠብቀው መንደሩ በሙሉ ያውቅ ነበር። በተገደለባት ጠዋት ማንም አልነገረውም። እኔ... ሁለታችሁም ቤት ከገባችሁ ማንም አይሞትም ብዬ ነው።»

ድራነ ስድቡን ተወችው። ጎንበስ ብላ ጣሳውን አንስታ ሰጠቻቸው። ሌላ የምታደርገው አልታያትም። ጣሳውን እስኪጨብጡት ድረስ አብራ ያዘችው።

ድልድዩ መሃል ላይ ምሪካ ቆሙ። ፕሬንግ የቆሙበትን ቦታ ሳያይ አወቀው፤ እሱም ቆመ፣ ባርኔጣውን እንደገና አወለቀ። የሟች እናትና የገዳይ አባት ክንድ ለክንድ ተያይዘው ውሃውን ሰሙ። ከዚያ ምሪካ «እንሂድ፣ ቀኝ ዓይንህ አይጠብቅም» አሉና ወደፊት ሄዱ።

ጄቶና ድራነ ጥቂት ወደኋላ ቀሩ። ጄቶ ለብርሃኑ ዓይኑን አጨንቁሮ የድልድዩን ብረት ይዳብሳል፤ ብረቱ ላይ የመኪና ቀለም ፍቅፋቂ አለ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እናቴ አታውቅም። ለማንም አልተናገርኩም፤ በለቅሶው ላይ እንዴት ብዬ ልናገር? ሬሳውን ማዋረድ ነው። ባርዶክ አስምሎኝ ነበር፤ በስልክ፣ ከመሞቱ አንድ ሳምንት በፊት። የሚያሠራበት ገንዘብ ማጣቱን ሰው እንዳያውቅበት ብሎ።»

«ምኑን?»

«መኪናውን። የኋላ ማርሹ አይገባም ነበር። ከተሰበረ ወር አልፎት ነበር።»