ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ተኩል

አይናዲስ መተማ ዮሐንስ የፊዚክስ መምህርት ናት። ያን በጋ ሰው ሁሉ ሙቀቱን ሸሽቶ ደጅ አልጋ ዘርግቶ ሲተኛ፣ እሷ ሰማይ ፎቶ ስታነሳ ባጀች። ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት፣ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ አየሩ ራሱ ስስ አረንጓዴ ብርሃን ይሰጣል። ሳተላይት ከላይ ታየዋለች፤ አይናዲስም ሳተላይቷ በምታልፍበት ደቂቃ ከታች በካሜራ ታነሳና ሰዓቱን ከስልኳ ትመዘግባለች። የሁለቱ መገጣጠም ከተረጋገጠ የማስተርስ ዕድሏ ተከፈተ ማለት ነው።

ምን ዋጋ አለው! ምክትል ርዕሰ መምህሩ ቸሩ "ፎቶዎቹና ሰዓታቸው ያሉበትን ፍላሽ አምጪ፣ ላሳትምልሽ" ብሎ ወሰደው። ሸሕዲ ከተማ በተደረገው የመምህራን ጉባኤ ላይ የመጀመሪያው ገጽ ሲበራ "አዘጋጅ፦ ቸሩ" ይላል። የሷ ስም ለምስጋና እንኳ የለም።

"ጋሽ ቸሩ፣ ስሜስ?" አለችው ሻይ ዕረፍት ላይ።

"አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ብዙ ትሠሪያለሽ" ብሎ ሳቀ።

ቆይ ብቻ፣ አለች በሆዷ።

መተማ ላይ ስልክ የሱዳንን ኔትወርክ ይይዝና ሰዓቱ ራሱን ይቀይራል። ሱዳን ደግሞ ባለፈው ጥቅምት ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሳለች። ስለዚህ ፍላሹ ላይ ያለው ሰዓት ሁሉ ከኛው በአንድ ሰዓት ይጎድላል፤ ማስተካከያው አይናዲስ ቦርሳ ውስጥ፣ ደብተሯ ላይ ነው። ቸሩ ከደጋ ተዛውሮ ከመጣ ሁለት ወሩ፣ ይህን ከየት አውቆት!

ከዕረፍት በኋላ የጉባኤው እንግዳ የሆነችው ተመራማሪ ዶክተር እሌኒ እጇን አወጣች። "አቶ ቸሩ፣ ሳተላይቷ ያለፈችው ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ነው። እርስዎ ፎቶዎቹን ሁሉ ስድስት ተኩል ላይ አነሳሁ ይላሉ። ታዲያ ከምኑ ጋር አመሳከሩት?"

ቸሩ ዞር ብሎ የበራውን ገጽ አየ። "ማለቴ... ሰዓቱን እንኳ አይናዲስ ታስረዳለች።"

ሰው ሁሉ ዞረ። ደብተሩን ብታወጣ ሥራው ይድናል፤ ግን በቸሩ ስም። ደግሞ ያ ሳቁ ጆሮዋ ላይ አለ።

"እኔ ምን አውቄ ጋሼ? ሥራው የእርስዎ አይደል እንዴ!"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሌኒ እጇ ላይ ያለውን የጥናቱን ቅጂ አጠፈችና "ሰዓቱ ካልታመነ ሥራው አይታመንም" ብላ ወደ ጎን አደረገችው። ቸሩ አንገቱን ደፍቶ ሲወርድ የአይናዲስ አንጀት ቅቤ ጠጣ። እሰይ! ይበለው!

ማምሻውን በር ላይ እሌኒን ጠብቃ ደብተሩን ዘረጋችላት። "ፎቶዎቹን ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ ዶክተር። ማስተካከያውም ይኸው።"

እሌኒ ደብተሩንም እሷንም አየች።

"እህቴ፣ ዛሬ ሰው ሁሉ ፊት ሥራው የሱ ነው አላልሽም?"

አይናዲስ አላልኩም ልትል ነበር። ግን ሃምሳ መምህር ሰምቷታል።