ከመስኮቱ ፊት የቆመች ጀልባ

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። የምትሠራው ግቢውን በሚያየው መስኮት ሥር ነው፤ ጠዋት ብርሃኑ በግራ ትከሻዋ በኩል ይገባና እስከ ከሰዓት መርፌዋ ላይ ይቆያል። ዓይኗ እየደከመ ከመጣ ወዲህ አምፖል አይበቃትም። ቤታችን ውስጥ ይህን የማያውቅ አልነበረም። አባቴም ያውቃል።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ወጣ። የመጨረሻዎቹን ዓመታት ያሳለፈው ሰዎችን ለሽርሽር ወደ ሐይቁ ሲያመላልስ ነው። ተሳፋሪዎቹ በጀልባ ሲንሸራሸሩ እሱ መሪው ላይ ተደግፎ ይጠብቃቸው ነበር። ጡረታ እንደወጣ አንድ ቀን "ነይ፣ የማሳይሽ ነገር አለ" ብሎ ሐይቁ ዳር ወሰደኝ። አምስት ሰው የምትይዝ፣ ነጭ ቀለም የተቀባች ያገለገለች ጀልባ ተጎታች ላይ ተቀምጣለች።

ሻጩ ደግ ሰው ነበር። ሞተሩን አስነስቶ አሰማን፤ ሆዷ አለመሰንጠቁን አባቴ በእጁ ዳብሶ እንዲያረጋግጥ ጋበዘው። ከዚያ "አባባ፣ ማቆሚያ አዘጋጅተዋል? የሚስባት መኪናስ?" አለ።

"ግቢ አለኝ" አለ አባቴ። "ስንት አውቶቡስ ያቆምኩ ሰው ይቺን ማቆም ያቅተኛል?"

"ማቆሙስ ቀላል ነው፤ ማውጣቱ ነው። ስንቱ ጀልባ ገዝቶ ውሃ ሳይነካ ቀረ መሰለዎት።"

አባቴ ሳቀ። እኔም ሰው ፊት እሱን መጠየቅ ስለማልደፍር ፈገግ አልኩ።

ያን ሰሞን ጎረቤታችን የጋራ አጥራችንን አፍርሶ በድንጋይ እያሠራ ነበር። ጀልባዋ በእሱ ግቢ አልፋ በፈረሰው በኩል ገባች። ስለ እኛ በር ጥበት ያሰበ አልነበረም። ግቢያችን ውስጥ የምትቆምበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከእናቴ መስኮት ፊት። ተጎታቹ ላይ ሆና ከመስኮቱ አናት በላይ ትደርስ ነበር።

ክፍሉ ሲጨልም እናቴ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ ወጣች።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ላንቺ ነዋ! ከእንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ውሃ ላይ ነን።"

"እኔ እኮ ውሃ እፈራለሁ።"

"አንቺ? መቼ ነግረሽኝ?"

"ሠላሳ ዓመት አብረን ኖርን" አለች እናቴ። "በል ተወው። ብርሃኔን ብቻ መልስልኝ።"

"እስከ ቅዳሜ ታገሺኝ።"

በአንዱ ቅዳሜ የምትስብ መኪና ታጣች። በሌላው መኪናዋ ተገኝታ መንጠቆዋ አልገጥም አለ። በሌላው ደግሞ ሐይቁ ዳር ማሰሪያ ቦታ ለማግኘት ወረፋ መጠበቅ ግድ መሆኑ ተሰማ። የእናቴ ወንድም ቀልደኛ ነው፤ በመጣ ቁጥር ከበሩ ጀምሮ ይጮሃል።

"ካፒቴን! መርከቡ መቼ ነው የሚነሳው? ሻንጣዬን ላዘጋጅ?"

"አንተን መልሕቅ አድርጌ ነው የምወስድህ" ይለዋል አባቴ፤ ይሳሳቃሉ። እናቴ ከውስጥ ትሰማለች።

ጎረቤታችን ሁለት ጊዜ መጣ። "ጋሼ፣ ግንበኛው ወደዚህ እየደረሰ ነው። ሳይዘጋ ያውጧት።"

"ቅዳሜ" ይላል አባቴ።

አጥሩ ዓርብ አለቀ።

እናቴ አንገቷ ላይ የሚንጠለጠለውን ሜትር አውርዳ በሩን ለካች፤ ቀጥላ ጀልባዋን ለካች። "አሥር ጊዜ ለካ፣ አንዴ ቁረጥ ይባላል" አለች። "አንተ አንዴም ሳትለካ ቆረጥክ።" በጎኗ እንኳ ብትጋደም ከበሩ ወዲያ ያለው መታጠፊያ አያሳልፋትም። ክሬንም ወደ ሰፈራችን መንገድ አይገባም። ሊገዛት የመጣ አንድ ሰው አጥሩን አየ፣ በሩን አየና "ግቢውን ጨምረው ነው የሚሸጧት?" ብሎ ሄደ።

"መላዋ መጋዝ ነው" አለ አጎቴ፤ ያን ቀን አልቀለደም። "ትቆረጥና የእህቴ መስኮት ይከፈት።"

"እኔ ቆሜ እያለሁ? ሞክራት!" አለ አባቴ። እናቴን ግን ቀና ብሎ አላያትም። "አንቺ ጓዳው ውስጥ ብትሠሪስ? ደማቅ አምፖል አስገባልሻለሁ።"

የስፌት መኪናዋን ወደ ጓዳ የወሰድነው እናቴና እኔ ነን።

ብዙም አልቆየ። አንዲት የቆየች ደንበኛዋ ጥቁር ሰማያዊ ኮቷን ለመውሰድ መጣችና ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ዘረጋችው። ጠርዙ በሙሉ በሰማያዊ ፈንታ በጥቁር ክር ተሰፍቷል።

"እትዬ፣ ምነው?" አለች ሴትየዋ በቀስታ። እናቴ ኮቱን ወደ ዓይኗ አስጠጋች፤ አራቀች፤ እንደገና አስጠጋች። እንዲህ ስታፍር አይቻት አላውቅም። ሴትየዋ ክፉ አልተናገረችም፤ ግን ለልጇ ሠርግ ያመጣችውን ጨርቅ መልሳ ይዛው ሄደች። ከዚያ ወዲህ ሌሎቹም እየተመናመኑ መጡ።

ዝናቡ ሲቃረብ አባቴ ሸራ ተሸክሞ ገባ። "ለጀልባዋ ልብስ ስፊላት፤ ውሃ እየገባ ወለሏን ያበሰብሰዋል። አንድ ጎኗ ላይ ላስቲክ አድርጊላት፣ ብርሃን ይግባላት። ጨለማ ያሻግታል።"

እንቢ ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። እናቴ ግን ሜትሯን አንስታ ወጣች። ጀልባዋን ዙሪያዋን ለካች። የላስቲኩ ተራ ሲደርስ ወደ ድሮ ክፍሏ ገብታ የገዛ መስኮቷን ቁመትና ወርድ ለካች፤ ላስቲኩንም በዚያው ልክ ቆረጠች። እኔ ሸራውን ይዤላት ነበር፤ አየሁ፤ እሷም ማየቴን አየች። መርፌ እየሰበረች፣ እየቀየረች፣ ስፌቱን በጣቷ እየዳበሰች ጨረሰችው። አንድ ቦታ እንኳ አልተጣመመም።

ሸራው ከዳር እስከ ዳር ልክክ አለ። አባቴ ሥሩ ገብቶ ተቀመጠ።

"ወይ እጅሽ!" አለ ከውስጥ። "ብርሃን በብርሃን ሆነ እኮ! ነይ ግቢና እዪው!"

"ይበቃኛል" አለች እናቴ።

በማግስቱ ዋናው መንገድ ላይ ካለ የልብስ ስፌት ቤት፣ በመስታወቱ በኩል፣ ጥግ ተከራየች። መኪናዋን በአንድ በኩል እሷ፣ በአንድ በኩል እኔ ይዘን ወጣን። አባቴ ከላስቲኩ ጀርባ ያየናል።

"መቼ ትመለሳላችሁ?" አለ።

እናቴ በሩ ጋ ስትደርስ ቆም አለች።

"ቅዳሜ" አለችው።