ግማሽ ምላጭ

ባሌ ሲሞት የተወልኝ አንድ የሚሽከረከር ወንበር፣ አንድ መስታወትና አንድ ልጅ ነው። ሴት ወንድ ትላጫለች እንዴ ብለው የሳቁብኝ ሁሉ፣ ወር ሳይሞላ አንገታቸውን አስረዝመው ወንበሬ ላይ ተቀመጡ። እጄ ቀላል ነበር፤ ይህን ማንም አይክደኝም። ልጄም ሲያድግ ሁለተኛ ወንበር ገዝተን ከጎኔ ቆመ።

አሠራራችን እንዲህ ነበር። ምላጩን ለሁለት እሰብረዋለሁ፤ ግማሹ ለእኔ፣ ግማሹ ለእሱ። ያቺ ግማሽ እስክትደነዝዝ ትሠራለች። አንዱ ተነስቶ ሌላው ሲቀመጥ፣ አረቄ በነካ ጨርቅ ጠረግ እናደርጋታለን። ልጄ የራሱንም ጢም የሚላጨው በዚያችው ነው። "አረቄ ያልገደለውን ምን ይገድለዋል!" እያልኩ እፎክር ነበር።

ከዚያ ልጄ መጠጣት ጀመረ። መጀመሪያ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ኋላ ሐሙስንም ጨመረ፣ ኋላማ ቀን መምረጡን ተወው። እኔም በደንበኛ ፊት "አንተ በርሜል!" እለው ጀመር። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ሊላጭ ሲመጣ፣

"እትዬ፣ ይህን ልጅ በምላስሽ ላጭተሽ ጨረስሽው እኮ!" ይላል።

"ዝም በል አንተ፣ ጉሮሮህ በእጄ ነው።"

ሱቁ በሳቅ ይሞላል። ልጄም አብሮ ይስቃል። ያ ሳቁ ነው ዛሬ አንጀቴን የሚያቃጥለው።

አንድ ቀን ዓይኑ ቢጫ ሆነ፤ ሆዱም ተነፋ። "የጠጣኸው ነው፤ ሌላ ምን ሊሆን!" አልኩት። ይጋባብኛል ብዬም ብርጭቆና ሳህኑን ለየሁበት። ቀና ብሎ አላየኝም።

ሆስፒታል አስተኙት። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ ደሙን አስመርምራ አስጠራችኝ።

"እማማ፣ ልጅዎ ሄፓታይተስ ሲ አለበት። ጉበት የሚጎዳ ቫይረስ ነው።"

"ጉበቱን የጨረሰው አረቄ ነው።"

"ሁለቱም ናቸው። ቫይረሱ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ይኖራል፤ መጠጡ ደግሞ ጉዳቱን ያፋጥነዋል።"

"ብርጭቆውን ለይቻለሁ።"

"በብርጭቆ አይተላለፍም። አብሮ በመብላትም በመተቃቀፍም አይተላለፍም። በደም ነው፤ ከሰው ወደ ሰው በሚዞር መርፌ፣ በምላጭ..."



"በአረቄ ቢጠረግስ?"

"አይበቃም፣ እማማ።"

ከየት እንደያዘው በእርግጠኝነት አይታወቅም ብላ ልታጽናናኝ ሞከረች። የእኔም ደም ተመረመረ፤ እኔም ላይ ተገኘ። ስንቴ ጣቴን ቆርጬዋለሁ! ግን ጠጥቼ አላውቅም፤ ጉበትዎ ደህና ነው አለችኝ። ሦስት ወር የሚዋጥ ክኒን አለ፣ ቫይረሱን ያጠፋዋል። የልጄ ጉበት ግን ክኒን የሚመልሰው አልነበረም።

ከእሷ ክፍል እስከ አልጋው ሃያ እርምጃ አይሞላም። ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። በሕይወቴ ይቅርታ ጠይቄ አላውቅም፤ በምን እንደሚጀመርም አላውቅ።

"ስማ፣ ያ ምላጭ..."

"አውቃለሁ፣ እማዬ።"

"ምኑን ታውቃለህ?"

"ሦስት ዓመት ሆነኝ። ደም ልለግስ ሄጄ መለሱኝ፤ መጠጥ እንዳትነካ፣ ታከም አሉኝ። ሥራዬን ስነግራቸው ምላጩን ጠረጠሩ። ከዚያ ወዲህ ለየሰዉ አዲስ ምላጭ ስከፍት፣ አባካኝ ትይኝ አልነበር? አንቺ ዞር ስትዪ ያንቺንም እለውጠው ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልታከምክም? ለምንስ አልነገርከኝም?"

"ምን ብዬ? እጅሽ ነው የጎዳኝ ልበልሽ? ክኒን ስውጥ ብታዪኝ ትጠይቂኛለሽ፤ አንቺን መዋሸት ደግሞ አልችልበትም። መጠጣት ቀለለኝ። ሰካራም ስትይኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ብቻ ይሆናል።"

እግሩን ይዤ "ይቅር በለኝ" አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

"እሺ" አለ። "ደንበኞቹን ንገሪያቸው፤ እኔ አልቻልኩም" አለኝ።

በዘጠነኛው ቀን ሞተ።

ሐዘንተኛው ሲበተን በየቤቱ ዞርኩ። "ሂድ ተመርመር፤ ላጭቼሃለሁ" እያልኩ። አንዱ በሩን ዘጋብኝ፤ አንዷ ባሌን ጨረስሽው ብላ ሰደበችኝ። ወደሚቀጥለው ቤት ሄድኩ። ልብስ ሰፊው ያን ቀን አልቀለደም፤ ተመርምሮ ተገኘበት፤ መጠጡን ትቶ ክኒኑን ከእኔ ጋር ጀመረ።

መድኃኒቴን ጨርሼ፣ የመጨረሻው ምርመራ ሲደርስ፣ ሐኪሟ በሁለት እጇ እጄን ያዘችው።

"እማማ፣ እንኳን ደስ አለዎት! ድነዋል።"

ልጅቷ ከልቧ ደስ ብሏት ነበር። ምን ልበላት? አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ።