ያልታሰሩት ወራጆች

ጣልያን ከወጣ በኋላ ነው። የዳባቷ ውቢት ባሏ ሞቶባት ቤቷም ማፍሰስ ሲጀምር፣ መሬቷን ሲመኝ የኖረው የባሏ ታናሽ ወንድም ያየህ «ጣሪያሽን እኔ ልሥራልሽ» አላት። ደግነቱ አላማራትም፤ ግን ሌላ የሚሠራላት አልነበረም።

ምሰሶው ቆመ። ወራጆቹም ከግድግዳው ተነሥተው ምሰሶው ጫፍ ላይ ተገናኙ። ሳሩ ሊከደን ሲል ውቢት መሰላሉን ወጣች።

«ምን ፈለግሽ?» አላት ያየህ።

«ሥራውን ልየው ብዬ ነው።»

ወራጆቹ ምሰሶው ላይ ተደግፈዋል እንጂ አልታሰሩም። ነፋስ ቢነሣ ጣሪያው እላይዋ ላይ ይወርዳል።

«ጠፍር አልቆብኝ ነው» አለ፣ ዓይኗን ሳያይ።

ውቢት ከመሰላሉ ወረደች። ከጎረቤቷ ከታገኘ ጠፍር ለምና ወራጆቹን ራሷ አንድ በአንድ አሰረቻቸው።

ጣሪያው ክረምቱን ጸንቶ ከረመ። ያየህ ግን በደጇ ባለፈ ቁጥር ቀና ብሎ ያየው ነበር።