ጧ ያለው በየት በኩል ነው?

ባሌ አናጺ ነው። ቀኑን ሙሉ ከእንጨት ጋር የሚውል ሰው ለሚስቱ ቃል ቢያጥረው አይገርምም እያልኩ ዓመታት ቻልኩት። ራዲዮው ተከፍቶ እራት ላይ አወራዋለሁ፣ እሱ ሳህኑን ያያል። አልጋ ላይ አወራዋለሁ፣ ወደ ወዲያ ዞሮ ያንኮራፋል። ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎኛል አልኩና ልቤ ሸፈተ።

መኪና ውስጥ ግን ሌላ ሰው ነው። ከጎኑ ስቀመጥ ይመልስልኛል፣ ይቀልዳል፣ የጎረቤታችንን ድምፅ እያስመሰለ ያስቀኛል። ማምለጫ ስለሌለው ነው አልኩ በሆዴ።

ባለፈው ሳምንት እራት ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «እህቴ ጋ ልሄድ ነው፤ አልመለስም» አልኩት። ዳቦውን ቆርሶ በላ። ከአፉ አንዲት ቃል አልወጣችም። ዝምታም መልስ ነው ብዬ በማግሥቱ እህቴን ትርፍ ክፍልሽን አጽጂልኝ አልኳት። እሷ ለባሏ ነገረች፣ ባሏ ለሰፈሩ። የቀረኝ መኪናዋ እስክትሠራ መጠበቅ ብቻ ነበር፤ የስፌት መኪናዬን በጫንቃዬ ተሸክሜ አልሄድ ነገር።

መኪናዋ ወደ ቀኝ በታጠፈች ቁጥር ከፊት ጎማዋ «ጧ፣ ጧ» ትላለች። ባሌ በቀኝ በኩል ነው ብሎ ምሎ ተገዝቶ የቀኙን ጆይንት፣ ያንን ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ መገጣጠሚያ፣ አስቀይሮ ነበር። «በግራ ነው» ብዬዋለሁ፤ ማን ሊሰማኝ! ድምፁ እንደሆነ ንቅንቅ አላለም።

ቅዳሜ ጠዋት አብረን ጋራዥ ሄድን። መካኒኩ የሚጣደፍ ሰው ባየ ቁጥር «ቀስ በሉ» ስለሚል ስሙ «ቀስ በሉ» ሆኖ ቀርቷል።

«ጋሼ፣ ባለፈው እርስዎን አምኜ ቀየርኩ» አለው ባሌን። «ዛሬ ራሴ ነኝ የማዳምጠው።»

እኛን ከኋላ አስቀምጦ እሱ መሪውን ያዘ። «ዓይናችሁን ጨፍኑ። ድምፁን ስትሰሙ ሳትነጋገሩ በጣታችሁ ጠቁሙ።» ከዚያ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ ጠምዝዞ በግቢው ውስጥ በዝግታ ያዞረን ጀመር።

ጧ፣ ጧ፣ ጧ።

ጣቴን ወደ ግራ ቀስሬ ዓይኔን ብገልጥ የባሌ ጣት ወደ ቀኝ ቆሟል።

«ይኸው! ዓይኑን ጨፍኖም ይሟገተኛል!» አልኩ።

«ቀስ በሉ» አለ መካኒኩ። መኪናዋን በክሪክ አነሳና የግራውን ጎማ ፈታ። መገጣጠሚያውን የሚሸፍነው ላስቲክ ተቀዷል፤ ግራሶው ወጥቶ ዙሪያውን ተረጭቷል፤ ውስጡ አሸዋ ብቻ ነው። «ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ጭነቱ የሚያርፈው ግራው ላይ ነው። እሱ ነው የሚጮኸው» አለኝ።

ከዚያ ከባሌ በስተኋላ፣ በግራው በኩል ቆመና በቀስታ፣ «ጋሼ፣ ሻይ ላስመጣልዎ?» አለ። ባሌ ጎማውን ማየቱን ቀጠለ። መካኒኩ ወደ ቀኙ ዞሮ በዚያው ድምፅ፣ «ሻይ ላስመጣልዎ?»

«ስኳር እንዳይበዛ» አለ ባሌ።

መካኒኩ አየኝ። «ጋሼ፣ መጋዝ ማሽንዎ የሚቆመው በየት በኩልዎ ነው?»

«በግራዬ። ድሮም በግራዬ ነው።» ተናግሮ ሳይጨርስ እጁ ወደ ግራ ጆሮው ሄደ፤ ፊቱ ቀላ።

እኔ ቤታችንን አሰብኩ። ገበታ ላይ በግራው እቀመጣለሁ። አልጋ ላይ በግራው እተኛለሁ። በቀኙ የምቀመጠው መኪና ውስጥ ብቻ ነው፤ እሱንም መሪው አስገድዶን።

መካኒኩ አዲስ መገጣጠሚያ ከነላስቲኩ ገጠመ፣ በግራሶ ሞላው፣ ጎማውን መልሶ አሰረ። ከግቢው ስንወጣ ባሌ አንገቱን ደፍቶ ነበር የሚነዳው።

«ግራ ጆሮህ እንደማይሰማ ታውቅ ነበር?» አልኩት።

«ጠርጥሬ ነበር። ቤት ውስጥ ስታጉረመርሚ ይሰማኛል፤ ምን እንደምትይ ግን አይገባኝም። አሥር ጊዜ ‹ምን አልሽ› ማለት አፈርኩ።»

«ባለፈው ሳምንት እራት ላይ ያልኩህንስ?»

«ምን አልሽኝ?»

ነገርኩት፤ እንዳለ፣ ቃል በቃል። መኪናዋን ዳር አስያዛት።

«ይሄን ማን ያውቃል?»

«እህቴ። ባሏ። ሰፈሩ በሙሉ።»

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» አለና ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። «እኔ እኮ ቤት ውስጥ ያኮረፍሽኝ መስሎኝ ነው። መኪናዋን ለማሠራት የቸኮልኩት እዚህ ስለምታጫውቺኝ ነው።»

እኔ! ብዙ ጊዜ ለተናደድኩበት ሰው አለቀስኩ።

መስቀለኛው ጋ ስንደርስ፣ በግራ የእህቴ ቤት፣ በቀኝ የኛ፣ ፍሬን ያዘ። «ወዴት ልጠምዝዘው?»

«በቀኝ። ወንበሬንም ትራሴንም ዛሬውኑ አዛውራለሁ።»

መሪውን ወደ ቀኝ አዞረ። ሁለታችንም ትንፋሻችንን ዋጥን። ታጥፈን እስክንጨርስ ጠበቀና ፊቱን ወደ እኔ መለስ አደረገ።

«ጸጥ ብላለች አይደል?»

«ጸጥ ብላለች» አልኩት።