አንድ ቁና አፈር

ደባሱ ባዶ ቁናውን ይዞ አባቱ ያርሱት ከነበረው ማሳ ዳር ቆሟል። መሬቱ በገበሬ ማኅበሩ ድልድል ለጎረቤቱ ለቢሆነኝ ከደረሰ ወዲህ ረግጦት አያውቅም። ለእሱ የደረሰው ከገነተ ማርያም በላይ ያለው ጭንጫ ነው። ዘንድሮም ዝናቡ ቀድሞ ወጥቶ ገብሱ ከከዳው ለሰፈራ ከሚጫኑት አንዱ እሱ ነው።

የላከው የግብርናው ሠራተኛ ምስጋኑ ነበር። «አያ ደባሱ፣ ያ ማሳ ድርቅ የሚችለው ያለ ነገር አይደለም» ብሎታል። «አፈሩ ውስጥ ዓይን የማያያቸው ነፍሳት አሉ፤ ባክቴሪያ ይባላሉ። የገብሱ ሥር ላይ ተጣብቀው እርጥበት ያቆዩለታል። ካምናው ገብስ ሥር አፈር ይለምኑና ከዘሩ ጋር አሽተው ሳይደርቅ ይዝሩት። ዋስ አልሆንም፤ እስኪ ይሞክሩት።»

መለመኑ ነው የከበደው። በአገሩ የተወሰደበትን መሬት አፈር የጠየቀ ሰው ይገባኛል እንዳለ ይቆጠራል። ስለዚህ ሳይለምን ጎንበስ ብሎ መዛቅ ጀመረ።

«ደባሱ፣ መሬቱን በቁና አግዘህ ልትጨርሰው ነው?»

ቀና ሲል ቢሆነኝ ጅራፉን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ቆሟል።

«ለማኅበሩ ሳትከሰኝ በፊት ስማኝ» አለና ምስጋኑ ያለውን ነገረው።

«ነፍሳት? ታዲያ የኔ ናቸው የአንተ?»

«እነሱ ድልድል መኖሩን አልሰሙም።»

ቢሆነኝ ሳቁ አመለጠው። ከዚያ ተንበርክኮ ቁናውን በገዛ እጁ ሞላለት።

ቤት ሲደርስ ሚስቱ አገሬ «ይኸንን ዶሮም አይለቅመው» እያለች ዘሩን ከአፈሩ ጋር በውኃ ለወሰችው። የበቃው ለማሳው እኩሌታ ብቻ ነው። በዚያው ቀን ታችኛውን በእሱ፣ ላይኛውን አፈር ባልነካው ዘር ዘሩት።

ዝናቡ ነሐሴ ሳይጋመስ ወጣ። ላይኛው እኩሌታ ጠውልጎ ቀረ። ታችኛው አጠር ቢልም አረንጓዴነቱን አልለቀቀም። ደባሱ አንዱን ነቅሎ አየው፤ እርጥብ አፈር ሥሩን እንደ እጅጌ አልብሶታል። አራግፎ ሊጥለው አልሆነለትም፤ መልሶ ተከለው።

እሸቱ ሲደርስ አንድ እቅፍ ይዞ ወደ ቢሆነኝ ወረደ። የማሳው ምርት ዓመቱን ሙሉ ባያደርስም ከአገር የማያስወጣ እህል ነበር። ደጃፉ ላይ ተቀምጠው እየጠበሱ አሹት።

«ጣዕሙን አውቀዋለሁ» አለ ቢሆነኝ። «የኔው ማሳ ገብስ ነው።»

«የአባቴ ማሳ።»

ቢሆነኝ ጥሬውን አላምጦ ዋጠ።

«እሺ፣ የአባትህ። ለመጪው ሰኔ ቁናውን ተውና ስልቻ ይዘህ ና።»